በሁዳዴ የደበቅኳቸው ክኒኖች

ከጎጃም በሥራ ዝውውር ባሌ ሮቤ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ጎባ ሆስፒታል ተኝቼ ከጡቴ ላይ ዕጢ ወጣልኝ። ዓመታት ቢያልፉም ያ ሰሞን ዛሬም ይደንቀኛል።

ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የፈራሁት ፔቲዲን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ነበር። ስወልድ ተወግቼው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰኝና ሲያቃዠኝ ሰንብቷል፤ ጸሎት መጨረስ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ለሐኪሙ ይህንኑ ነገርኩት።

«ያለ መርፌው እንሞክራለን» አለኝ። «ደረትሽን እናደነዝዘዋለን። ማደንዘዣው ሳይለቅሽ ክኒን በየስድስት ሰዓቱ ትውጫለሽ፤ አመመሽም አላመመሽም እንዳታሳልፊ። ካልቻልሽ ግን መርፌው አለ፤ ስቃይ ችሎ መተኛት ጽድቅ አይደለም።»

ስነቃ ደረቴ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሕመም ግን የለም። «በእውነት ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ?» ብዬ ነርሷን አሳቅኳት።

በማግስቱ ማለዳ ክኒኖቹ መጡ። እኔ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። ነርሷ ዘወር ስትል በመሐረቤ ቋጠርኳቸው። ስላላመመኝ ምንም አልመሰለኝም። የቀትሩንም እንዲሁ አደረግኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረቴ እሳት ሆነ። ነርሷ «ክኒኑ አልበቃትም» ብላ መርፌውን ልታዘጋጅ ሄደች። እውነቱን መናገር አፍሬ እንባዬ ወረደ።

አጠገቤ ልጃቸውን የሚያስታምሙ ከዲንሾ የመጡ ሴት ነበሩ፤ አዴ መኪያ ይባላሉ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እያዩኝ ነው።

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ የታመመው መሐረብሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እያመመኝም ሳቄ መጣ። «ጾም ላይ ነኝ እኮ፣ አዴ።»

«እኛስ አንጾምም? አላህ ለበሽተኛ አቅልሎለታል። የናንተ ቄስ ምን ይላሉ? እንቺ፣ ደውይላቸው!» ብለው ስልካቸውን እጄ ላይ አኖሩት።

የንስሐ አባቴ ጎጃም ሆነው የሆነውን ስነግራቸው ደነገጡ። «ልጄ፣ አሁኑኑ ዋጪ! ጾሙ ስትድኚ ይደርሳል» አሉኝ።

ለነርሷ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ያለፈውን ሳትደርብ የአንዱን ሰዓት ክኒን ብቻ አስዋጠችኝና መርፌውን አቆየችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሳቱ በረደ፤ እስክወጣም ድረስ ፔቲዲን አላስፈለገኝም።

በሰዓቱ የተዋጠ ክኒን ብቻውን ያን ያህል መሥራቱ ይገርመኛል። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አዴ መኪያ «ጾምሽን ፍቺ» አለማለታቸው ነው፤ «ቄስሽን ጠይቂ» ነው ያሉኝ። ዘመድ በሌለኝ አገር፣ ለእምነቴ እንደ ራሴ የሚጠነቀቅልኝን ሰው እግዚአብሔር ከአልጋዬ አጠገብ አስቀምጦልኝ ነበር።