እንደ ቅርጫ በሬ የተከፋፈልነው ኮንቴይነር

ኮንቴይነሩ ቻይና ሲጫን እኔና እሷ የልብ ጓደኛሞች ነበርን። ሰበታ ላይ ሲራገፍ ግን አንዳችን የሌላችንን ጥላ እንኳ ማየት አንፈልግም ነበር። ጥፋቱ በከፊል የዘገየው መርከብ ነው፤ የቀረው የምላሳችን።

ሁለታችንም ቡራዩ ውስጥ ፊት ለፊት ሱቅ አለን። በመሐላችን ያለው ኮብልስቶን ሁለት ባጃጅ በግድ ነው የሚያሳልፈው። የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶ ያመጣን በአንድ ሰሞን ነው፤ የምንሸጠውም አንድ ዓይነት ነው፦ ሳህን፣ ቴርሞስ፣ ጃንጥላ፣ ጫማ። እንዲያም ሆኖ ምሳ የምንበላው ከአንድ ሳህን ነበር። ሰው «እንዴት ተፎካካሪሽን ታጎርሻለሽ?» ይለኛል። እኔ ግን እሷን ካላጎረስኩ ምሳ የበላሁ አይመስለኝም ነበር።

ኮንቴይነር ብቻውን የሚሞላ አቅም ማናችንም ስላልነበረን አምስት ነጋዴዎች ተሰባስበን በጋራ እናስጭናለን። የአስመጪነት ፈቃዱም፣ መጋዘኑም፣ ዕቃውን ማዘዙም የአንድ የሰበታ ሽማግሌ ነው። ሁላችንም «ኦቦ» እንላቸዋለን። ዕቃው መጥቶ ሲራገፍ እንደ ቅርጫ በሬ በመደብ ይከፈላል። ኦቦ ካርቶኖቹን አምስት ቦታ ይከምራሉ። እያንዳንዳችን አንድ ምልክት እንሰጣቸዋለን፤ ቆርኪ ይሁን ቁልፍ ግድ የለም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በየመደቡ ላይ ምልክቶቹን ያስቀምጣሉ። ምልክትህ ያረፈበት ያንተ ነው፤ ዕጣ አይገለበጥም። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ካርቶን መክፈት ክልክል ነው። «ካርቶን እዚህ ከተከፈተ ጠብም እዚሁ ይከፈታል» ይላሉ ኦቦ።

በዚያኛው ዙር ግን መርከቡ ዘገየ። ኦቦ በተደወለላቸው ቁጥር «ባሕር ላይ ነው» ይሉናል፤ ባሕሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። መደርደሪያችን ተራቆተ። ዕቃ የሌለው ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሥራው ወሬ ነው። አንድ ቀን ጥርሴን ልታከም ሄጄ ስመለስ አንዲት ደንበኛዬ «ጎረቤትሽ እኮ ‹እሷማ ሱቁን ትታዋለች› ብላ ቴርሞስ ሸጠችልኝ» አለችኝ።

ሄጄ አልጠየቅኳትም። ጠይቄያት ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ግን ማን እንዲያልቅ ፈለገ? ለሽያጭ ያቆምኩትን ትልቅ መስታወት ወደ ውጭ አዙሬ የከሰዓቱን ፀሐይ በሙሉ ወደ ሱቋ ላክሁላት። እሷም ስፒከሯን ወደ እኔ አዙራ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። አንድም ቃል ሳንለዋወጥ እኔ በብርሃን እሷ በጩኸት ስንደባደብ ከረምን። የምንፈልገውን ነገር የምንናገረው በደንበኛ በኩል ሆነ። «እስቲ ለዚያች ሴትዮ ጃንጥላዋን ከሱቄ በር ላይ እንድታነሳ ንገሪልኝ» እላለሁ፤ ሴትዮዋ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ እየሰማችኝ።

ኦቦ ለሽምግልና ሁለት ጊዜ ቡራዩ ድረስ መጡ። እሷ «መጀመሪያ እሷ ታናግረኝ» አለች። እኔም ቃል ሳልለውጥ ያንኑ አልኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ እጅ አያጨበጭብም» አሉኝ ኦቦ።

«እኔ ማጨብጨብ አላማረኝም» አልኳቸው።

ለስላሳቸውን ጠጥተው ሄዱ። እውነቱን ልናገርና፣ ናፍቃኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምበላው።

በመጨረሻ ዕቃው ሰበታ ገባ። ለዕጣው ከፀጉሬ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ አበባ ያለባትን ጌጥ ነቅዬ ሰጠሁ፤ እሷ የሹራቧን ቁልፍ ሰጠች። ኦቦ ዓይናቸውን እንደ ጸሎት ጨፍነው አደሉን። የደረሰኝን በአይሱዙ ጭኜ ሱቄ ገባሁና የጫማውን ካርቶን ከፈትኩ። ስኒከሩ ያምራል፤ ግን ግራ ነው። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ ግራ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለመስከረም ትምህርት መክፈቻ ተስፋ ያደረግሁበት ጫማ አንድም ቀኝ አልነበረውም። ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ኦቦ ጋ ደወልኩ።

«ሁሉም ግራ? እንግዲህ ዕጣ ነው» ብለው ዘጉት።

ሱሉልታ ላለው ሸሪካችን ደወልኩ። የእሱ ሙሉ ነው፤ እንዲያውም እዚያ ልምምድ የሚሠሩት ሯጮች ተሻምተው ሊጨርሱለት ነው። በዚህ ላይ የእኔን ጉድ እሷ ከሰማች አለቀልኝ! ስለዚህ እንደ ወትሮው ከየዓይነቱ አንዳንድ ጫማ ደረደርኩ። ማንም ባለሱቅ ጥንዱን ውጭ አያወጣም፤ ሌባ አለ። ደንበኛ ሲመጣ «ቀኙ ከመጋዘን እየመጣ ነው» እላለሁ። እሷም ባሻገር ደርድራለች። ቅናት አንገበገበኝ። እሷን ላለማየት ስል ግን ጫማዋንም በደንብ አላየሁትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከደቡብ የመጣች፣ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ገባች። ግራውን ለካችው።

«ልክክ አለ! ጌታ ይባርክሽ እህቴ፣ ቀኙን አምጪልኝ።»

«ከመጋዘን እየመጣ ነው።»

«ከየት መጋዘን? ያው እዚያ ማዶ ያለው ቀኝ አይደል እንዴ?» አለችና የእኔን ጫማ እንዳደረገች ወጣች።

«ኧረ ጫማዬን!» ብዬ እስከ በሩ ተከተልኳት። ማዶ ገባች። ስትወጣ ሁለቱም እግሯ ላይ አንድ ዓይነት ስኒከር ነበር። መንገዱ መሐል ቆማ ወደ እኔ አየች፤ ወደ እሷም አየች። ባጃጁ ጥሩንባውን ያንባርቅባታል።

«አሁን የምከፍለው ለማናችሁ ነው?» አለች።

ጓደኛዬ በሯ ላይ ቆማለች። መደርደሪያዬን አየች፤ እኔም የእሷን አየሁ። ከላይ እስከ ታች ቀኝ ነው። ሁለታችንም ያ ሁሉ ጊዜ እግረ ጎዶሎ ሱቅ ይዘን አንዳችን በሌላችን ስንቀና ኖረናል። እሷ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ስፒከሯን አጠፋችው።

«ሠላሳ ስምንት ቁጥር ግራ አለሽ?» አለችኝ።

አንድ የሚያቃጥል ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ለወራት ያሰብኩበት። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

«ሞልቷል። ምሳ በልተሻል?»

ያን ከሰዓት ካርቶኖቹን መሬት ላይ ዘርግፈን ግራና ቀኙን ስናጋባ ዋልን። ስለ ቴርሞሱ ጠየቅኳት። «አዎ፣ ብያለሁ» አለች ሳታፍር፤ «ሦስት ቀን ምንም አልሸጥኩም ነበር።» አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኳት።

ሰኞ ኦቦን ልንቆጣ አብረን ሰበታ ወረድን። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ላይ ስንመጣ ሲያዩን ከወንበራቸው ተነሱ።

«ባለፈው ጊዜ ሌቦች መንገድ ላይ ካርቶን እየቀደዱ ጫማ ሰረቁብን» አሉ፤ «ስለዚህ ግራውና ቀኙ በተለያየ ካርቶን እንዲታሸግ አዘዝኩ። ግራ ብቻ ሰርቆ ምን ይሠራበታል?»

«እሺ፣ ዕጣውስ?» አልኳቸው። «ለሌሎቹ ሁለቱም ደርሷቸው ለእኛ ብቻ እንዴት እንዲህ ይወጣል?»

ኪሳቸውን ዳብሰው ባለ አበባዋን የፀጉር ጌጤን አወጡና እጄ ላይ አስቀመጧት።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ምልክት አትስጪ። ዓይን ቢጨፈን ጣት አይጨፈንም።»

ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ኦቦ ግን ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚቀጥለው ጭነት ሊታዘዝ ነው።

«አሁን እንግዲህ ታርቃችኋል። ለእናንተም እንደ ሰው ሙሉ ሙሉውን ላድርገው?» አሉ።

እሷ እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

«ኧረ አይሆንም ኦቦ» አለቻቸው። «መንገድ ላይ ሌባ አለ አላሉም? ግራው ለእሷ፣ ቀኙ ለእኔ ይሁን።»

ሁልጊዜ ግራው ለምን የእኔ እንደሚሆን ልከራከራት አሰብኩና ተውኩት። የፀጉር ጌጤን፣ ያቺን ባለ አበባዋን፣ ለሚቀጥለው ዕጣ መልሼ ለኦቦ ሰጠኋቸው።