ሁለት ቀን ጎንደር፣ ያለ አደራ

በስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ሚስቴ ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትለምነኝ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል። የልጁን ጨርቅ እያጠበች ነበር። ደባርቅ ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃው እጅ ያደነዝዛል። ቀና ሳትል፣ «ማንም የማያውቀኝ አገር ሁለት ቀን ተቀምጬ ብመጣ» አለች።

«ሄደሽ ምን ልትሠሪ?» አልኳት።

«ምንም።»

እኔ «ምንም» የሚባል ሥራ አላውቅም። አናጺ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ያለችኝን ትንሽ እውቀት ያገኘኋት ሰው የጣለውን የትምህርት መጽሐፍ እየለቀምኩ፣ የቀባሁት ሙጫ እስኪደርቅ ድረስ እያነበብኩ ነው። ስለዚህ ጊዜ ሲባክን ሳይ ያመኛል። የስድስት ዓመት ልጄ እጇን አጣምራ ከተቀመጠች «መጽሐፍሽን አምጪ» የምል አባት ነኝ። ሚስቴንም ልገሥጽ አፌን ከፍቼ ነበር።

እጇን አየሁና ተውኩት። ጣቶቿ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። ትንሹ ልጃችን ያኔ አምስት ወሩ ነበር። በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሣ ወዲህ ጠያቂ ከቤታችን አልጠፋም። ጠያቂ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲወጣ «ምነው ከሳሽ?» ይላል። የዕለት ሥራው፣ ጡት ማጥባቱ፣ የሌሊቱ ለቅሶ ሁሉ የእሷ ነው። በዚያ ሰሞን ጭራሽ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። የምትናገረው ሲጠይቋት ብቻ ሆነ። እኔ ይህን ትሕትና ነው ብዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

«ጎንደር እንሄዳለን» አልኳት። «ልጆቹን የትም አንጥላቸውም፣ አራታችንም እንሄዳለን። ቅዳሜ ወርደን ሰኞ እንመለሳለን።»

«እቀመጣለሁ ግን።»

«ትቀመጫለሽ» አልኳት። ቃል ሰጠሁ ማለት ነው።

የሳንቃ ልክ በምጽፍበት ደብተር ላይ ዕቅድ አወጣሁ። ለሕፃኑ ሦስት ድርብ ልብስ፣ ለመንገድ ዳይፐር፣ ለማረፊያ የጨርቅ፤ ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ፤ አንቀልባ፤ ለትልቋ ቆሎና የማስታወሻ ደብተር፣ ያየችውን እንድትጽፍበት። መኝታ ቤትም በስልክ ያዝኩ። ባለቤቲቱ ፈጣን ሴት ናት።

«ሙቅ ውሃ አለ?» አልኳት።

«መብራት ካለ አለ።»

«መብራትስ አለ?»

«ወንድሜ፣ እሱን እኔን አይጠይቁኝ።»

«ሕፃን ይዘናል።»

«ሕፃንማ በረከት ነው። ውሃውን በድስት አሞቅልዎታለሁ። ብቻ ያለቅሳል?»

«ሕፃን ነው እያልኩሽ።»

«እንግዲያውስ የጓሮውን ክፍል ይውሰዱ። ከፊት ያረፉት ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱ ናቸው ልጁን የሚያስለቅሱት።»

መንገዱ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ጉዟችን ሁለት ጊዜ ተላለፈ። ሚስቴ ሁለቱንም ጊዜ ያሰናዳችውን ሻንጣ መልሳ ፈታች። በሦስተኛው ሳምንት ሹፌሮቹ «አሁን ሰላም ነው» አሉን። በዚህ ጊዜ ነው ስህተቴን የሠራሁት። ሐሙስ ዕለት በሥራ ቦታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቅዳሜ ጎንደር ነኝ» ብዬ ተናገርኩ።

ከደባርቅ ጎንደር የሚወርድ ሰው ደግሞ የራሱ አይደለም። መንገደኛ መሆኑ ከተሰማ የሁሉም ተላላኪ ነው። ሐሙስ ማታ ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት ትልቅ ሴት፣ ጎንደር ለምትማር ልጇ ግማሽ ጆንያ ድንች አመጣች። ዓርብ ጠዋት የንስሐ አባታችን ቀድሞ ላስተማሩት፣ አሁን እዚያ ለሚያገለግል ካህን በቢጫ ጀሪካን ማር ላኩ። አንድ ጣሪያ ሥር አብረን የምንሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ለአክስቱ ባና ይዞ መጣ፤ ከበግ ጸጉር የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚያለብስ ከባድ ባና።

«አልጋ ቤት ይዣለሁ ያልከውን እንዳልሰማሁ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «አክስቴ እያለች? ደውዬላታለሁ። በግ ታርዳለች። ዘመዶቿንም ትጠራለች።»

ከሁሉም በኋላ ዳባት ያለችው እህቴ ደወለች። የሰማችው ከማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ዳባትን ሳትረግጥ ነው ጎንደር የምትሄደው?»

«መኪናው አይቆምም እኮ።»

«አንተ ከወረድክ ይቆማል። ቁርስ በልታችሁ በሌላ መኪና ትሄዳላችሁ። ልጁን አላየሁትም፣ አፈር ያስበላኝ!»

ለሁሉም እሺ አልኩ። «አደራ ተቀብለው ያደርሱታል እንጂ አይመልሱትም» የሚለውን ለልጄ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚታመን ሰው መባል ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ማር በአደራ ሲሰጠኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል። መልካም ሥራ ከትዕቢት ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ሊያድር እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንቹ፣ ማሩና ባናው በራፉ ሥር ተደርድረዋል። የእኛ ሻንጣ ከኋላቸው አይታይም። ሚስቴ ልጁን ታቅፋ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ሻንጣውን ጎትታ አወጣችና የሕፃኑን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረች።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«አንተ ሂድ፤ የሰው ዕቃ እንዳይበላሽ። እኔ ከልጆቹ ጋር እዚሁ እሆናለሁ።»

በአሽሙር አልነበረም የተናገረችው። በአሽሙር ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። ተቆጣሁ። ምን ያህል እንዳሰብኩላት ላሳያት ብዬ ደብተሬን አወጣሁና በቤታችን ልማድ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ቅዳሜ አስራ ሁለት ሰዓት መነሻ። አንድ ሰዓት ዳባት፣ ቁርስ ከእህቴ ዘንድ። አምስት ሰዓት ጎንደር፤ ድንቹን ማድረስ። ሰባት ሰዓት ምሳ፣ ከአክስት ዘንድ፤ ባናውን መስጠት፤ ዘመድ መተዋወቅ። አስር ሰዓት ግንቡን ማየት፣ ለልጅቱ ታሪኩን ማስረዳት። አዳር ከአክስት ዘንድ። እሑድ ቅዳሴ። ከቅዳሴ በኋላ ማሩን ማድረስ፤ ምሳ ከካህኑ ቤት...»

ልጄ በደስታ እየሰማች ነበር። «አባዬ፣ ስንት ቤት ነው የምንበላው?» አለች።

ገጹን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከተልኩት። የመኪናው ሰዓት አለ፣ የድንቹ ሰዓት አለ፣ የባናው ሰዓት አለ። ሚስቴ የምትቀመጥበት ሰዓት የለም። አራት ቤት አራት ጊዜ ልጇን ልታሳይ፣ «ምነው ከሳሽ?» ልትባል፣ በእንግድነት ፊቷን ስታበራ ልትውል፣ ሌሊት ደግሞ በሰው ቤት ልጁ እንዳያለቅስ ስትሳቀቅ ልታድር ነው። ቤቷን እንዳለ ጭኜ ጎንደር ላወርድላት ነበር።

ደብተሩን አጠፍኩ። «ልብሱን አትመልሺ» አልኳትና ጆንያውን ተሸክሜ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ ውሸት መጣልኝ። «ልጁ አተኮሰው፣ ጉዞው ቀረ» ብል ማንም አይቀየመኝም ነበር። ግን በልጅ ሕመም አይዋሽም፤ ይህን እናቴ በልጅነቴ በልምጭ ነው ያስተማረችኝ። ጎረቤታችን በር ላይ ደርሼ እውነቱን ተናገርኩ፤ እንሄዳለን፣ ነገር ግን ዕቃ አንይዝም፣ ሚስቴ ማረፍ አለባት።

«ከምን ነው የምታርፈው?» አለችኝ። ለነገር አልነበረም፤ በእርግጥ አልገባትም።

«ከእኛ» አልኳት።

«እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ማረፍ ይቻላል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። ጆንያውን ወደ ውስጥ ላስገባላት ስል ግን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ተወው፣ እኔ አነሣዋለሁ። አንተ ሚስትህን ተሸከም!» ብላ ሳቀችብኝ።

ጓደኛዬ ባናውን ሲያይ መጀመሪያ የአክስቱ ቤት አቅጣጫ ጠፍቶብኝ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎት ነበር። ነገሩን ስነግረው ጭኑን መታ።

«አንተም ቱሪስት ሆንክ! በቅሎና ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ስካውት ልከራይልህ? ድንኳን የሚተክልልህስ?»

«ቀልድህን ተውና አክስትህን ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱንማ ብነግራት የምታኮርፈው እኔን ነው። በጉ ግን ተረፈ፤ በጉ ይመርቅሃል።»

ከሁሉ የከበደኝ የንስሐ አባታችን ነበሩ። ጀሪካኑን እግራቸው ሥር አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አደራዎን ልመልስ መጣሁ» አልኩና ምክንያቴን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ይመርቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«መመለስህን አልነቅፍም» አሉ። «ሳታስብ መቀበልህን ነው የምነቅፈው። ለሚስትህ ቀድመህ የገባኸው ቃል ነበር አይደለም? የእኔ ማር ሁለተኛ ነው የመጣው። አንተ ግን የምታስበልጠው ሰው የሚያይልህን አደራ ነው።»

«እውነት ነው፣ አባ።»

«መሆኑን አውቃለሁ። ሂድ አሁን፣ ልጆቹ ይተኙ።» ጀሪካኑን ራሳቸው አንሥተው ገቡ። በነገሩ አልሳቁም። በልጄ ላይ የማወርደው ተግሣጽ የት ላይ እንደሚያም ያን ዕለት ተሰማኝ።

ለእህቴ ደወልኩላት። «ሰኞ ስንመለስ ዳባት እንወርዳለን» ብላት፣ «ሰኞ እኔ ቤት የለሁም» ብላ ዘጋችው። ቅያሜዋ ለብዙ ጊዜ አልወጣላትም። እንዲያም ሆኖ አላፈርኩበትም። ሁሉንም ሳያስቀይም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ካለ እኔ አላየሁትም።

በማግስቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ ተነሣን። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ሚስቴ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ዳባት ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም አንገቴን ቀበርኩ፤ ሚስቴ አይታኝ ፈገግ አለች። ብዙ ወር ያላየሁት ፈገግታ ነው። ጎንደር ልንገባ ስንቃረብ ደግሞ ዕቅዴ ያልገመተው ነገር መጣ፤ ሙቀት። ሕፃኑ በሦስት ልብስ ውስጥ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። እኔ ያሰብኩት ለብርድ ብቻ ነበር። እሷ ሁለቱን አወለቀችለት።

ክፍላችን ከጓሮ ነው፣ ውሃውም በድስት ሞቀልን። ከሰዓት በኋላ ግንቡ ዘንድ ሄድን። ሚስቴ ከአንድ ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች፣ እግሯን ዘረጋች። እኔ ልጄን ይዤ ስለ ነገሥታቱ ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ ሕፃኑ አለቀሰ። ሚስቴ፣ አሁን አጥብታው ነበር፣ እጇን መሬት ላይ አድርጋ ልትነሣ ቃጣች።

«ተቀመጪ» አልኳት።

አንቀልባውን አነሣሁ። በሕይወቴ ልጅ አዝዬ አላውቅም። በእኛ ሰፈር ወንድ ልጁን ያቅፋል፣ ይስማል፤ አዝሎ መንገድ ላይ አይወጣም። ብናይም እንስቃለን፤ እኔ ራሴ ስቄ አውቃለሁ። ግራ ቀኙን አየሁ። ሰው ሞልቷል፣ ግን ሚስቴን የማያውቃት አገር እኔንም አያውቀኝም። ልጄ ሕፃኑን ከኋላ ደገፈችልኝና ጠፍሩን ደረቴ ላይ አሰርኩት።

«ላልቷል፣ ሳብ አድርገው» አለች ሚስቴ ከተቀመጠችበት። ሳብኩት። አልተነሣችም።

በግንቡ ዙሪያ ዞርኩ። ሕፃኑ ለቅሶውን አልተወም፤ ጥቂት ዞሬ ስመለስ ያለቅሳል፣ እሷ ቀና ብላ ታየናለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ፀሐዩ ትመልሳለች። በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ተኝቷል። ልጄ «አባዬ፣ የንጉሡን ታሪክ አልጨረስክልኝም» ስትል «ቀስ በይ፣ ይነቃል» አልኳት። ትምህርት ሳቋርጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ፀሐይዋ ግንቡን እስክትለቅ ድረስ ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኋትም። እሑድም ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ተመልሰን ልጁን አዘልኩት፤ ጠፍሩን ለብቻዬ ማሰር ችዬ ነበር።

ሰኞ ስንመለስ በመንገድ ሁሉ ታወራኝ ነበር፤ ስለ ጎንደር ሳይሆን ስለ ተራ ነገር፣ ስለ ጣሪያችን፣ ስለ ልጅቱ ጥርስ። ልጁ ከእኔ ዘንድ ነበር። ደባርቅ መናኸሪያ ልንገባ ስንል፣ ጓደኛዬ ከሰዎች ጋር ቆሞ በመስኮት ታየኝ። ልጁን ከነአንቀልባው ለሚስቴ አቀበልኳት። ወሬዋን አቋርጣ ተቀበለችኝና አዘለችው።

ይህን መጨረሻውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሆኗል።