ልጄ የለካችው ቁም ሳጥን

ልጄ ከመኪና አደጋው ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። መቱ ከተማ፣ እሷ ቤት፣ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ሥራ አይፈታም። ያስቸገራት ወጥ ቤቱ ነበር። በእግሯ ሳለች ያሠራችው ቁም ሳጥን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ዘይት ስትፈልግ እኔን፣ ሽንኩርት ስትፈልግ እኔን ትጠራለች። እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፤ እናት አይደለሁ? አንድ ቀን ግን ድስት አቀበልኳትና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ እኮ» አለችኝ።

አልተቆጣችም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ጎሬ ከተማ እህቴ ዘንድ ሦስት ቀን ልትሰነብት ስትሄድ፣ ስትመለስ ላስደስታት ብዬ በድሮው ፈንታ ዝቅ ያለ ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጺ ጠራሁ። ጎሬን እኔም እወዳታለሁ፤ ዳገቷን ሲወጡ ጉሙ ከእግር በታች ይቀራል። ወደ ነገሬ ልመለስ። አናጺው የያዮ ሰው ነው፤ የዋንዛ ጣውላ ተሸክሞ መጣ። ከፍታው ምን ያህል ይሁን ቢለኝ በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩና፣ እጄን ዘርግቼ እስከዚህ አልኩት። ተቀምጦ ወጥ የሚሠራ ሰው እኔ የማውቀው በርጩማ ላይ ነው። እሱም እናቱን ያየው እንደዚያው ነውና አልተከራከረኝም።

ልጄ መጣች። በሩን ከፈትኩላት። በደስታ ወደ ቁም ሳጥኑ ተጠጋች፤ ጉልበቷ ከሳንቃው ጋር ተጋጨ። እግሯ አይሰማትም፤ የተሰማኝ እኔ ነኝ። መዝጊያውን ልትከፍት ስትል ከዊልቸሯ ጎማ ጋር ተላተመ፤ ወደ ኋላ ስትል ደግሞ እጇ አልደርስ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ቁም ሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እማዬ፣ የዶሮ ቤት ነው ያሠራሽው?»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ካደጋው ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ አናጺውን ራሷ አስጠራችው። ከእሱ ጋር በኦሮምኛ እየተቀላለደች በእኔ ላይ ሲስቁ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። መለኪያውን ከኪሱ ሲያወጣ ግን ቀልዱን ተወችው።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እኔን ይለኩ» አለችው።

ዊልቸሯ ላይ እንዳለች እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመረ። ወደ ፊት ዘረጋች፤ አሰመረ። ከዚያ ዋንዛውን ፈታትቶ እንደ አዲስ ገጠመው። ከመክተፊያው ሳንቃ በታች ጉልበቷ እንዲገባ ሥፍራውን ባዶ ተወው። በመዝጊያው ፈንታ መጋረጃ ሰፋችለት። ድስቶቹ ተስቦ በሚወጣ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ዕቃውን ስትደረድር ከወጥ ቤቱ አስወጣችኝ፤ ጓሮ ተቀምጬ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

እሑድ ጎረቤቶቻችንን ምሳ ጠራች። ሴቶቹ እናግዝ ቢሉ እሺ አላለችም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ በርበሬ ላቀብላት ተነሣሁ። አንዱን መሳቢያ ብስብ ማንኪያ ነው፤ ሌላውን ብስብ ፎጣ። ግራ ገባኝ።

«በርበሬው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቁጭ በይ፣ እኔ አወጣዋለሁ» አለችኝ፤ ዞር ብላ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና አወጣች።

ቁጭ አልኩ። ምስሩ ጨው በዝቶበት ነበር። እኔ ግን ከወጡ ሁለቴ አስጨመርኩ።