የሥራ አስኪያጁ መብራት ያዥ

የእህቴን ባል ቤተሰቡ ሁሉ «ሥራ አስኪያጁ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ክፋት የለበትም፣ ቢኖርም ትንሽ ነው። የቪዲዮ ድርጅቱ ሁለት ሠራተኞች አሉት፦ ካሜራ የሚይዘው እሱና መብራት የምትይዘው እህቴ። ቢሮው የመኝታ ቤታቸው ጥግ ነው። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ሸሚዝ ለመተኮስ መጀመሪያ ድርጅቱን ማንሳት ያስፈልጋል።

ድሮ ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ነበር። ያጠፋው ቴሌቪዥን ነው። ነጋዴ ለመሆን የሚመኙ ሰዎች አምስት ሀብታሞች ፊት ቆመው የሚፈተኑበት ፕሮግራም አለ፤ እሱን የሚያየው ደብተር ይዞ ነው። ሀብታሞቹ ሌላውን ሲጠይቁ፣ እሱ ከሶፋው ላይ ሆኖ ይመልሳል። አንድ ቀን ከሀብታሞቹ አንዷ ሰዓቷን እያየች «ደመወዙን ያልተወ ሰው በሐሳቡ አላመነም» አለች። ሰኞ መልቀቂያ አስገባ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው። እህቴ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ በእግሯ ቆማ ትውልና፣ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግና ምርቃት ላይ መብራት ተሸክማ ትቆማለች።

ክፉ ሰው አይደለም፣ ይኼን ልናገር። ሙሽራ ስታለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ካሜራማን እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሊነሳ ነው» እየተባለ የማይነሳ ድርጅት ማየት ያደክማል። እኔን ከደከመኝ እሷን አስቧት።

ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በጡረታ ሲሰናበቱ ለመቅረጽ ሄዱ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የደንበኛ ቀሚስ እያጠበብኩ ሳለ እህቴ ከዚያው ደወለችልኝ። ክሊኒኩ የነርሶች ኃላፊ ላድርግሽ ብሏታል። መልሱን ሰኞ ይፈልጋሉ፤ ሥራው ግን ቅዳሜንም ይጨምራል። አፌ ስፒል ይዟል፣ ደንበኛዬ ቀሚሱን በግማሽ ለብሳ ቆማለች። ተጣድፌ መለስኩላትና ስልኩን ዘጋሁት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን አቅፎ ከች አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ተበላሸብኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው አንዴ ሲጫኑት ይቀርጻል፣ ደግመው ሲጫኑት ያቆማል። ቅዳሜ ጠዋት ሊሞክረው ተጭኖት ማቆሙን ረሳ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተገለባበጠ፤ ጀመርኩ ሲል እያቆመ፣ አቆምኩ ሲል እያስጀመረ ዋለ። ቀዩን ምልክት ማየት ነበረበት፣ አላየም። ከዳይሬክተሩ ንግግር አንዲት ቃል የለችም። ያለው የራሱ ጫማ፣ ደረጃና የወንበር እግር ነው።

«ታዲያ መምህራኑ በስልካቸው የቀረጹትን ለምን አትለቃቅምም?» አልኩት።

«ለቅሜያለሁ። የመጣሁት ለእሱ አይደለም።»

ከፈተልኝ። ካሜራው ኮሪደር ውስጥ ተቀምጧል፣ ግድግዳ ብቻ ይታያል። የእህቴ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እትዬ፣ ደከመኝ። እግሬ አልሸከመኝ አለ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ በጣም ነው የምፈልገው። ግን እሺ ካልኩ ቅዳሜ ማን ይዞለት ይቆማል? ምን ብዬ ልንገረው?»

ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ «እሺ… እሺ በቃ፣ አልፈልግም እላቸዋለሁ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ እዚያ ላይ አቆመው።

«እዚህ ጋ ምን ብለሻት ነው?»

 የእኔ ድምፅ አልተቀረጸም፤ ልዋሽም ከጅሎኝ ነበር።

«ቻይው አልኳት። ገና አሁን ቀና ሊል ነው፣ አታሳፍሪው፣ ቻይው አልኳት።»

አልተቆጣኝም። ኮምፒውተሩን ከደነና መልሶ አቀፈው። ከዚያ «ነይ አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን አልችልም» አለኝ።

ሄድን። እህቴ በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ፣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«ቀረጻው ተበላሸ እንዴ?»

«የዳይሬክተሩ ንግግር የለም» አላት። «ያንቺ ነው የተቀረጸው። ለእትዬ የነገርሻት።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሁሉንም ሰማኸው?»

«ሁሉንም። ነገ እሺ በያቸው።»

«መብራቱንስ?»

 እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ወገቤም እንደሆነ ልብስ ስፌት ጨርሶታል። ግን ቻይው ያልኩት እኔ ነኝ።

«እኔ እይዛለሁ» አልኩ።

እህቴ ተራ በተራ አየችን። እንኳን ደስ ያለሽ እስክንላት እንኳ አልጠበቀችም። «እንግዲያው ልተኛ» ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።