ሳይቀዳ የቀረው ደሜ

ባለፈው ሳምንት ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደገና ከዳኝ። ደምበል አካባቢ ያየችኝ ወጣት ሐኪም፣ «ከራስዎ ደም ቀድተን፣ አጣርተን፣ ጉልበትዎ ላይ እንወጋልዎታለን» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ሰምቼ ነበር።

ያኔ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ተጎድቶ፣ የቂርቆስ ወጌሻ በቅቤ ቢያሸኝም አልሻል አለኝ። የክለብ ሙከራ ደግሞ ደርሷል። ለጥቂት ቀን ከውጭ የመጣ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ካዛንቺስ ባለች ትንሽ ክሊኒክ መርፌ እንደሚሰጥ ሰማንና ለእሁድ ተቀጠርኩ። እናቴ መርፌው እንዲሰምርልኝ ብላ በጠዋት ቂርቆስ ወሰደችኝ፤ አብረን ቆረብን። ከዚያ ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን፣ ክረምቱ ያቦካውን መንገድ እየመረጥን ሄድን። ሸንኮራ ሻጭ አይቼ ሲያምረኝ፣ «የቆረበ ሰው አይተፋም!» ብላ ጎተተችኝ።

ሐኪሙ ክንዴን በአልኮል ሲጠርግ ግራ ገባኝ።

«ጉልበቴን አይደለም እንዴ የምትወጋኝ?»

«መጀመሪያ ደምህን እንቀዳለን። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ደም? ዶክተር፣ ዛሬ ቆርቧል እኮ! የቆረበ ሰው መድማት የለበትም።»

«እማማ፣ እኔ ማታ እበራለሁ። ነገ የለሁም» አላት።

አጠገቤ ያለው ማሽን የሌላ ታካሚ ደም ሲያሽከረክር ቆይቶ ቆመ። ሐኪሙ ብልቃጡን አሳየኝ፤ ከታች ቀይ፣ ከላይ የማር ቀለም ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ። ሰው መጠገኛውን በውስጡ ይዞ እንደሚዞር ያን ቀን አወቅሁ። ዓይኔን ከብልቃጡ መንቀል አቃተኝ፤ የእኔስ ምን ይመስል ይሆን?

«አንተ እንዳልክ ይሁን፣ ልጄ» አለች እናቴ ወደ እኔ ዞራ። ነጠላዋን ግን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።

እጅጌዬን መለስኩና አብረን ወጣን።

የሙከራው ዕለት እያነከስኩ ሜዳ ዳር ቆሜ ጓደኞቼን አየሁ። ክለቡ ቀረ፤ በጣም አዘንኩ። እናቴም ያቺን እሁድ ዳግም አላነሳችም። መርፌው ያድነኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ወጣቷ ሐኪምም ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም ብላኛለች።

ትናንት ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ቀጠሮህ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲያው ሐሙስ እኔ ብቻዬን እቆርባለሁ። አንተ ደምህን ስጥ።»

ለካ ያቺን እሁድ እሷም እስከ ዛሬ ይዛት ኖራለች።