የጭነት ቋጠሮ

ልጄ ገና ስምንት ዓመቷ ሳለ የጭነት ቋጠሮ አስተማርኳት። ለቡሬ ገበያ በርበሬ ስንጭን ጆንያው እየተንሸራተተ ያስቸግረን ነበር፤ አህያዋ በተንገራገጨች ቁጥር ይበልጥ የሚጠብቀውን አስተሳሰር አሳየኋት። በአንድ ቀን ቻለችው። ለጎረቤት ሁሉ ተኩራራሁባት።

አድጋ ነርስነት ልትማር ሄደች። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከብት እየጠበቅሁ ነው። እሷ ለዕረፍት ስትመጣ ግን ደብተሯን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነብ ነበር። ልጅ ካስተማሩ አይቀር ምን እንደምትማር ማወቅ ይገባል ባይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት በሳምንቱ መሐል፣ ሳንጠብቃት፣ ከአውቶቡስ መውረጃው ከማንኩሳ በእግሯ መጣች። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጣለችና «ከእንግዲህ አልመለስም» አለች።

ልምምድ በምትሠራበት ሆስፒታል አንድ ሽማግሌ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው አእምሯቸው ተምታቶ ነበር። ጉሉኮሱን ከክንዳቸው እየነቀሉ አስቸገሩ። ኃላፊዋ ነርስ «እሰሪያቸው» ብላ ወጣች። እንዴት እንደሚታሰር ያሳያት የለም። ልጄ በፋሻ እጃቸውን ከአልጋው ብረት ጋር አሰረችና ወደ ሌሎቹ በሽተኞች ሄደች። ሽማግሌው በታገሉ ቁጥር ፋሻው ጠበቀ። ስትመለስ ጣቶቻቸው አብጠው ጠቁረዋል። ቋጠሮው አልፈታ ብሎ በመቀስ ተቆረጠ።

«እጃቸው ተረፈ» አለች። «ግን ‹ልጄ፣ ምን በደልሁሽ?› አሉኝ።»

ደብተሯን ከሻንጣው አወጣሁ። «ይኸውና! ቋጠሮው አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ይሁን፤ ሁለት ጣት ያስገባ፤ የታሰረ ሰው ብቻውን አይቅር ይላል። አላነበብሽም?»

«አንብቤያለሁ አባባ። በፈተናም ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እጄ የሚያውቀው እርስዎ ያስተማሩኝን ነው።»

ተቆጣሁ። «እኔ ያስተማርሁሽ ጆንያ ማሰር ነው! አሁኑኑ ተመለሽ። ድንጋይ ተሸክመሽም ቢሆን ከእግራቸው ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ። የበደለ ሰው አይሸሽም።»

«እርስዎስ ለአጎቴ ድንጋይ ተሸክመዋል?»

እናቷ «አንቺ! አባትሽ ነው!» አለች።

ታናሽ ወንድሜ ከእኛ ጋር ይኖራል። ከዓመታት በፊት አእምሮው ታውኮ ከቤት እየወጣ ይጠፋ ነበር። ጠበል እስክንወስደው ብዬ ጆንያ በምናስርበት ገመድ፣ በመጫኛው፣ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰርሁት፤ በዚያው ቋጠሮ። ሁለት ሳምንት። ሲጮህ «ለአንተው ብዬ ነው» እለው ነበር። በጠበሉም በክኒኑም ተረጋጋ፤ የእጁ ጠባሳ ግን ዛሬም እንደ አምባር ዙሪያውን አለ። መጫኛውን ያቀበለችኝ ይህችው ልጄ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም። ሰው የሚያስበውን ያህል ጻድቅ አይደለም።

በማግስቱ ማለዳ ልጄ ለመመለስ ቆርጣ ሻንጣዋን ስታነሣ ልሸኛት ተነሣሁ፤ ለገበያ የምወስደው በርበሬም ስለነበረኝ መጫኛውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ወንድሜ ከጓሮ በቆሎ እየፈለፈለ ነበር። ከመሄዳችን በፊት ልናገረው ቆረጥሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብሁት ቃል ነበረኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዴ ላናግርህ» አልሁት፤ ታናሼ ቢሆንም እንደዚያ ጠራሁት፤ ላከብረው ብዬ ነው።

ቀና አለ። ትከሻዬን አየ። የያዘውን በቆሎ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቹን አጋጥሞ ዘረጋልኝ።

ልጄ አልፋኝ ሄዳ ፊቱ ተንበረከከች፤ የተጋጠሙትን እጆቹን ለያይታ በቆሎውን መልሳ አስያዘችው። መጫኛውን ወርውሬ ቆሜ ቀረሁ።

እሷ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ሽማግሌው ይቅር ብለውኛል አባባ። ሲያማቸው እጄን ይዘው ነው የሚያድሩት። እርስዎስ፣ ነገሩት?»

«ነገ» አልኋት።

በቆሎው ተፈልፍሎ አለቀ፤ አዲሱም ተዘራ። አሁን ወደ ወንድሜ ስሄድ ምንም ነገር አልይዝም። እሱ ግን ፊቴን ከማየቱ በፊት ትከሻዬን ያያል።