ጥቁር ቦሎቄ ለሽምግልና

ሚጌል ለጋብቻ ሊጠይቀኝ እናቱን ይዞ ከአገር ወጥተን በምንኖርበት ስካርቦሮ እኛ ቤት የመጣ ቀን... ይዘውት የመጡት አንድ የሸክላ ድስት ጥቁር ቦሎቄ ነበር።

ሜክሲኮዎች ናቸው። እናቱ ሮሳ ከንጋት ጀምረው በዝግታ ቀቅለውት፣ በሽንኩርትና ሽታው ኃይለኛ በሆነ ያገራቸው ቅጠል አጣፍጠውት፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው በዚያ በረዶ በአውቶቡስ ነው ያመጡት።

ጋሼ ታደሰ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ክዳኑን ከፍተው አዩና መልሰው ገጠሙት።

«ለሽምግልና ቦሎቄ? እህል ሲጠፋ የበላነውን? ይሄ ንቀት ነው!»

ሚጌል በእንግሊዝኛ «ምን አሉ?» አለኝ። ማለሳለስ እችል ነበር... አላለሰለስኩም። እንደወረደ ነገርኩት። እሱም ለእናቱ ነገራቸው።

ሮሳ ቀና ብለው ጋሼን አዩዋቸው። በስፓኒሽ ያሉትን ሚጌል ለኔ፣ እኔ ለቤቱ ተረጎምኩ።

«ልጆቼን ሁሉ በዚህ ነው ያሳደግኳቸው። ስጋ በሌለበት ቤት አንዳቸውም ጦማቸውን አላደሩም። ለማላከብረው ሰው አላበስለውም።»

ተነሳሁ። ሳህን ሙሉ ጨለፍኩና ጋሼ ፊት ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት። ዶክተሩ ጥብሱን ቀንሰው ጥራጥሬ ይብሉ ሲልዎት ያስተረጎምኩልዎት እኔ ነኝ። ይኸው ጥራጥሬ! ፕሮቲን አለው፣ አይረን አለው፣ ፋይበሩ ስኳርዎ ባንዴ እንዳይወጣ ያደርጋል። ንቀቱ የቱ ጋ ነው?»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? እሱን ካገባሽ አጎቴ እንዳትይኝ!»

«አገባዋለሁ።»

ሁሉም ዞሮ እማዬን አየ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያለ ጋሼ ፈቃድ አንድ ነገር ወስና አታውቅም። ቀስ ብላ ተነሳች። ለሮሳ ጨለፈችላቸው። ሌላ ሳህን ሞላችና ጋሼ ፊት አስቀመጠች።

«ጋሼ... ወይ ይብሉ፣ ወይ ደህና ይግቡ።»

ጋሼ በሩን ድርግም አድርገው ወጡ። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን የሳቸውን ሳህን ወደራሷ ሳበች፣ ቀመሰች፣ አላመጠች...

«ሚጥሚጣ አቀብዪኝ» አለችኝ።

ሮሳም ሳይተረጎምላቸው ሳቁ።

ሰርጋችን ላይ ጋሼ አልመጡም። ለእሳቸው በያዝነው ወንበር ያልጠራነው ሰው ተቀምጦ የሮሳን ቦሎቄ ደግሞ ደጋግሞ ሲበላ አየሁት... ይመቸው!